«ዝቅ» ያልኩበት ቀን

ሞላ የሚባል የልብ ወዳጅ እንዳለኝ የሰማሁት ከጎረቤታችን ነው። ቦኖው ጋ ውኃ ልቀዳ ተሰልፌ ሳለ ጄሪካኗን ወደኔ አስጠግታ፣ «ለመሆኑ ይኼ ሞላ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። የቱ ሞላ ብላት ሳቀች። አገር የሰማውን ልደብቃት የሞከርኩ መስሏት ነው። ከኋላዬ የተሰለፉትም አብረው ሳቁ። እኔ ግን ጄሪካኔ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ጆሮዬ ጋለ። ሞላ ያልኩት ሰውን ሳይሆን ወንዝን ነዋ።

እኔና ሦስት የትምህርት ቤቴ ልጆች እዚሁ አርብ ገበያ ከተማ ባንድ አለን። ባንድ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዱ ማሲንቆ ይጫወታል፤ አንዷ የክፍሌ ልጅ ከበሮ ትመታለች፤ እኔ አዜማለሁ፤ አራተኛው ኪቦርድ ይጫወታል። ኪቦርዱ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አቧራ ጠግቦ የተገኘ ነው፤ ሁለት ቁልፎቹ ሞተዋል። ልጁ ሁለቱን እየዘለለ መጫወት ከመልመዱ የተነሳ ደህና ኪቦርድ ቢሰጡት የሚሳሳት ይመስለኛል። የሚመጣው ከወንዝ ማዶ ነው። አምና ሰኔ ወንዙ በድንገት ሞልቶበት የመጨረሻውን ፈተና ሳይፈተን ቀረ፤ በኋላ በስንት ልመና ለብቻው ፈተኑት። እኔም ያንን ይዤ ግጥም ጻፍኩ።

ወንዙ ሞላ ሲሉኝ ደብተሬን ጠቀለልኩ፤
ፈተናው ማዶ ነው፣ ይጠብቀኝ አልኩ።

አንድ ቤት ባለቀ ቁጥር አራታችንም «ሞላ፣ ሞላ» እያልን እንቀበላለን።

ጥር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጣን። የራሳችንን ድምፅ በደንብ እንድንሰማ ብለን ስፒከሩን ከኋላዬ አቆምነው። ከዚያ የሆነውን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። ስፒከሩ ያወጣውን ማይኩ መልሶ ይውጠዋል፤ ማይኩ የዋጠውን ስፒከሩ መልሶ ይተፋዋል፤ በዚህ መሐል ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይነሳል። የሰፈሩ ውሾች ሳይቀሩ ጮኹ። ፉጨቱን እናሸንፋለን ብለን ከበሮዋ ጠነከረች፣ ኪቦርዱ ጨመረ፣ እኔም ጉሮሮዬ እስኪላጥ ጮኽኩ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ሾልኮ የወጣው አራታችን በአንድ አፍ ያልነው ያ አንድ ቃል ብቻ ነበር። እንግዲህ ቦኖው ጋ የደረሰው ወሬ ይኼው ነው፤ የመሪጌታው ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ የወዳጇን ስም ስትጣራ ዋለች።

መሪጌታው አባቴ ናቸው። አባባ በድጓ ምስክር ቤቱ በቤተ ልሔም ዓመታት ተቀምጠው ድጓ የተማሩ፣ አሁን ደግሞ ከደብሩ ቅጥር ጥግ ተማሪዎች ከብበዋቸው ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ወሬው የደረሳቸው ከቅዳሴ መልስ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። ደብተርሽን አምጪና አንብቢልኝ አሉ። ቆሜ አነበብኩ። ተማሪ ትምህርቱን ሲያሰማቸው እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ግጥሙ ክፉ አይደለም» አሉ። «ታዲያ ይኼን ማን ሰማው?»

ደብተሬን ዘጋሁ።

«ሰኔ ለወላጆች ቀን እመጣለሁ። ቃልሽን ከሰማሁ ቀጥይ። ጩኸት ብቻ ከሰማሁ ግን በዚያው ይብቃ።»

አባባ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። ቃሉን ይሰሙት ይሆን?

የሚያስተምረን ሰው አልነበረም። ኔትወርክ ሲመጣ ስልክ ላይ እናያለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይመጣም። ስለዚህ እየተሳሳትን ተማርን። የመጀመሪያው ትምህርት በአጋጣሚ መጣ። የስፒከሩ ገመድ ተበጥሶ ሲቀጠል አጠረና እኔ ከምቆምበት ኋላ አልደርስ አለ። ምርጫ ስላልነበረን ከፊት፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙረን አቆምነው፤ እኔም ከኋላው ሆንኩ። ፉጨቱ የለም። እንደገና ሞከርን፤ አሁንም የለም። ጥር ላይ ያዋረደን ሌላ ምንም አልነበረም፤ የቆምንበት ቦታ ነው። ማይኩንም እንደ ጦር አርቄ መያዜን ተውኩ፤ ከአፌ ሁለት ጣት ያህል እስኪቀረው አስጠጋሁትና መጮኼን አቆምኩ። ሳይጮኹ መሰማት እንዴት ደስ እንደሚል ያየሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት ያመጣው የኪቦርዱ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ሕፃን ሆኖ ታሞ ግራ ጆሮው ተዘግቷል፤ የሚሰማው በቀኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እኛ ሁላችን በቀኙ እንድንሆን አድርጎ ይቀመጣል። አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ሁላችንም ስንጨምር፣ ስንጨምር፣ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ቁጭ አለ። ምን ሆንክ ስንለው፣ እናንተ ሁለት ሁለት በር ስላላችሁ ሁሉም ነገር በአንዴ ይገባላችኋል፤ እኔ ያለኝ አንድ በር ነው፣ ተራ ያዙልኝ አለን። ሳቅን። ያለውን ስናደርግ ግን ዘፈኑ ዘፈን ሆነ። ማሲንቆው ብቻውን ይገባል፤ እኔ ቃል ማውጣት ስጀምር ማሲንቆው ይተዋል፤ ከበሮዋ የምትጠነክረው ስንቀበል ብቻ ነው። የጓደኛህን ድምፅ ካልሰማህ አንተ በዝተሃል ማለት ነው የሚል ሕግ አወጣን። ከአራታችን አጥርቶ የሚሰማው ባለ አንድ ጆሮው እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይህን አስምሬ የምጽፈው በኋላ ያደረግኩትን ሳላውቅ አደረግኩ እንዳልል ነው።

ሦስተኛው የባሕር ዛፉ ፈተና ነው። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። እኔ እዘፍናለሁ፤ ከእኛ አንዱ ዛፉ ሥር ሄዶ የሰማውን ቃል መጥቶ ይነግረናል። የመጀመሪያ ቀን ከበሮ መቺዋ ሄዳ እየሳቀች ተመለሰች። «ድመቴን ጠቀለልኩ ነው የምትይው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳምንት ሙሉ ድመቷ በርዷት ነው ወይ እያሉ ቀለዱብኝ። ለካስ የቃል መሐል ፊደል እውጣለሁ። ደብተሬን ደብተሬን ደብተሬን እያልኩ ከቤት ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። ግንቦት ሲያልቅ ዛፉ ሥር አንድም ቃል አይጠፋም ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ሜዳው በሰው ሞላ። እናቴ አዲስ ቀሚስ አሰፍታልኝ ነበር፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። መድረኩ ላይ ቆሜ ሳየው ኪቦርዱ ሁልጊዜ በሚሆንበት ቦታ ሲሆን ግማሽ ቀሚሴን ይሸፍነዋል። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሊያነሳን ተዘጋጅቷል። እኔም ኪቦርዱን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዛውሩት አልኩ። ቀሚሴ እንዲታይ። ምክንያቱ ይኼው ነው፤ ሌላ የለውም።

ልጁ ወንበሩን ይዞ ተከተለና ሲቀመጥ ሁላችንም በግራው ሆንን። አየኝ።

«በዚህ በኩል አልሰማችሁም» አለ።

«ለዛሬ ብቻ ነው። በእጄ አሳይሃለሁ።»

«እሺ እመቤት» ብሎ አንገቱን አቀረቀረ። ሲቀልድ እንዲያ ይለኛል። ያን ጊዜ ግን መቀለዱ አልነበረም።

ጀመርን። ማሲንቆው ገባ፤ ተወ፤ እኔ ገባሁ። ሜዳው ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አይቼ አላውቅም፤ ሕፃናቱ እንኳ ዝም ብለው ነበር። አባባን በዓይኔ ፈለግኳቸው። ከፊት ወንበር ተዘርግቶላቸው ሳለ እምቢ ብለው ጥላ ፍለጋ ሄደው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙት የት መሰላችሁ? ባሕር ዛፉ ሥር። ስለ ፈተናችን የነገራቸው ሰው የለም። የመጀመሪያው ቤት አለቀ፤ «ሞላ፣ ሞላ» ስንል ከሴቶቹ መሐል አንዷ፣ ለካስ ወንዙን ነው ስትል ሰማሁ። አለቀ፣ ተሳካልን አልኩ በልቤ።

ሁለተኛው ቤት ላይ ኪቦርዱ በዛ። ልጁ የጓደኞቹን ድምፅ ስለማይሰማ መብዛቱን አላወቀም። የኔን ቃል መሸፈን ጀመረ። ወደ እርሱ ዞሬ መዳፌን ወደ መሬት ጫን፣ ጫን አደረግኩ፤ ከማይኩ ራቅ ብዬም «ዝቅ» አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ኪቦርዱ ላይ ዜማውን በሙሉ በአንድ ደረጃ የሚያወርድ ቁልፍ አለ። ሚያዝያን ጉሮሮዬን ታምሜ ስለነበር ልምምድ ላይ በየቀኑ «ዝቅ አድርግልኝ» እለው ነበር፤ እርሱም ያቺን ቁልፍ እየነካ ዜማውን ለጉሮሮዬ ያወርድልኝ ነበር። ድምፁ ሲበዛም የምለው ያው «ዝቅ አድርገው» ነበር። ልምምድ ላይ በቀኙ ሆኜ ስናገር፣ ከአነጋገሬ የቱን እንደፈለግኩ ይለየዋል። መድረኩ ላይ ግን የደረሰው እጄ ብቻ ነው። እጄ ደግሞ ዝቅ አለ እንጂ የቱን ዝቅ እንደሚያደርግ አልነገረውም።

ዜማውን ዝቅ አደረገው።

እኔ በነበርኩበት ቀረሁ፤ ኪቦርዱ ከሥሬ ወረደ። ደረጃ አለ ብላችሁ እግራችሁን ስትጥሉ ደረጃው ሲጠፋ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ነው። ድምፄ ተንሸራተተ። ከፊት የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። አባባ ከዛፉ ሥር እያዩኝ ነው። ተናድጄ ወደ ልጁ ዞርኩ፤ ማይኩ በእጄ፣ ሁለት ጣት ከአፌ ርቆ፣ ልክ እንደተማርነው።

«ዝቅ አድርገው አልኩህ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!»

አምስት ወር ሙሉ የለፋንበት ድምፅ ነው። አንድም ፊደል አልተዋጠም። ያን ቀን በዚያ ሜዳ ከተባለው ሁሉ ጥርት ብሎ የወጣው ይኼ ነበር።

አንዳንዱ ሳቀ። ብዙው ግን አልሳቀም፤ ልጁን የሚያውቁት፣ ግራ ጆሮውንም የሚያውቁት ብዙ ናቸው። እርሱ መጀመሪያ ስፒከሩን ነው ያየው፤ ከፍ ብሎ ስለወጣ የሰማው ከዚያ ነዋ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ቁልፏን መልሶ ነካ፣ ዜማውን ወደ ቦታው መለሰልኝና እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ያለ ስሕተት። የቀረውን ግጥም ጨረስኩት፤ ቃሉ ሁሉ ተሰማ፤ ተጨበጨበልን። እንዲያ ያለ ጭብጨባ ተመኝቼ ነበር። ሲመጣ ግን የት ላድርገው?

ኪቦርዱን በጨርቁ ጠቅልሎ ዕቃ ቤት አስገባ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለከበሮ መቺዋ ሰጣት። ደመናው ስለከበደ ወንዙ ሳይሞላ ልሻገር ብሎ ሄደ። ጠራሁት፤ አልዞረም። በየትኛው በኩል እንደጠራሁት አላስታውስም።

ቤት ስደርስ አባባ ቀድመውኝ ገብተው ተቀምጠዋል። እስክጠጋ ጠበቁኝ።

«ቃልሽን ሰማሁ» አሉ። «ዛፉ ሥር ድረስ መጣ። ሞላ ወንዝ መሆኑን አሁን አገር ያውቃል። ደንቆሮው ማን እንደሆነም አገር ያውቃል።»

እንባዬ ቀደመኝ። ተናድጄ ነው፣ አስቤው አይደለም እያልኩ ቀባጠርኩ። ልጁ የት ተቀምጦ እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ለምን ተዛወረ አሉ። ስለ ቀሚሱም ነገርኳቸው፤ እርሳቸው ፊት መዋሸት አልችልም።

«እኛ ማኅሌት ስንቆም በግራና በቀኝ ፊት ለፊት የምንቆመው ለማማር መሰለሽ? አንዱ የሌላውን አፍ እንዲያይ ነው። አንዱ ሲመራ ሌላው ሰምቶ እንዲቀበል ነው። አንቺ ሰውን በማይሰማበት አስቀምጠሽ ለምን አልሰማህም ብለሽ ሰደብሽው።» መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተነሡ። «ቀጥይ ብያለሁ። ቃሌን አላጥፍም። ግን ከማን ጋር?»

ከልክለውኝ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በእርሳቸው አኮርፍ ነበር። ፈቅደውልኝ የምሄድበት አጣሁ።

አርብ ዕለት ገበያ ወጣሁ። ከወንዝ ማዶ ያሉት እህላቸውን ጭነው የሚመጡት አርብ ነው፤ እርሱም ከእናቱ ጋር እንደሚመጣ አውቃለሁ። አገኘሁት። የአህያውን ጭነት ጎንበስ ብሎ ይፈታል። ማንም እንዳይሰማኝ ተጠጋሁና ዝግ ባለ ድምፅ፣ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ሳጠናው የሰነበትኩትን ይቅርታ አልኩት። እርሱ ገመዱን መፍታቱን ቀጠለ። ቀና እንኳ አላለም። ይኼው እምቢ አለኝ፣ ይገባኛል ብዬ ልመለስ ስል ነው የቆምኩበት የገባኝ። በግራው ነበርኩ።

አህያውን ዞሬ በቀኙ መጣሁ። አህያው ሊረግጠኝ ነበር።

«መቼ መጣሽ?» አለ።

«ይቅርታ ብዬህ ነበር። በዚያ በኩል።»

«ያ በር ዝግ ነው። በዚህ በኩል በይው።» ትንሽ ቆየና፣ «ከፍ አድርገሽ» አለ። «ያን ጊዜም ከፍ አድርገሽ ነው ያልሽው።»

ልክ ነው። የተሰደበው በሜዳ ሙሉ ሰው ፊት ነው፤ እኔ ግን ይቅርታውን በጆሮው ሹክ ልለው ነው የመጣሁት። ያውም በማይሰማው። ስለዚህ በገበያው መሐል፣ ያለ ማይክ፣ አጥፍቻለሁ ይቅር በለኝ ብዬ ተናገርኩ። ገብስ የምትሰፍር ሴት ቁናዋን እንደያዘች ቀረች። ምን አድርጎሽ ነው ልጄ አለችኝ። እርሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት አልኳት። እናቱም ሰማች። ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ እህሏ መለሰች። የእርሷ ነገር ቀለል አላለልኝም።

ልጁ ግን ገመዱን ትቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዝቅ ስትይ የቱን ነበር፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳስበው ሰነበትኩ አለ። እርሱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትክክል ያደረገ ነው የመሰለው። ድምፁን እንጂ ዜማውን አልነበረም አልኩት።

«ሁለት ነገር በአንድ ስም ጠርተሽ ደንቆሮው እኔ ሆንኩ?»

ይህን ሲል ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ ያየሁ መሰለኝ፤ ላላየሁም እችላለሁ። እዚያው ቆመን ምልክት አወጣን። መዳፍ ወደ መሬት ከሆነ ድምፅ ቀንስ ማለት ነው። አንድ ጣት ወደ መሬት ከሆነ ዜማውን አውርድ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ አሠራኝ፤ ተሳሳትኩ፤ እንደገና አሠራኝ። ባንድ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ ስፒከርና ማይክ ከመፈለጋችሁ በፊት በምትናገሩት ቃል ተስማሙ። የምትቆሙበትንም ስትመርጡ ካሜራውን አትጠይቁ፤ የማይሰማው ማነው ብላችሁ ጠይቁ።

ትመለሳለህ ወይ አልኩት። ጭነቱን አውርዶ ከጨረሰ በኋላ ነው የመለሰልኝ።

«ክረምቱ ገብቷል። ወንዙ ያውቃል።»

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አሁን ሐምሌ ነው፤ ከማዶ ገበያ የሚመጣ ሰው የለም። እኛ ሦስታችን ዝናቡ ጋብ ሲል በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ እንለማመዳለን። በዱሮ ቦታው፣ ሁላችንም በቀኙ የምንሆንበት ጫፍ ላይ፣ ባዶ ወንበር እናስቀምጣለን። ከበሮ መቺዋ ለወንበር ነው ወይ የምንዘፍነው እያለች ታሾፋለች፤ ወንበሩን የምታመጣው ግን ራሷ ናት። እኔም ወደ ወንበሩ እየዞርኩ መዳፌንና ጣቴን እለማመዳለሁ፤ ሁለቱ እንዳይምታቱብኝ። አባባ ከደብር ሲመለሱ፣ ቀጠላችሁ ወይ ብለው አንድ ሁለቴ ጠይቀውኛል። ሦስት ነን አልኳቸው።

ጎረቤታችን ደግሞ ቦኖው ጋ ባገኘችኝ ቁጥር አሁንም ትቀልድብኛለች፤ እንደ በፊቱ ሳይሆን አውቃው ነው። ሞላስ እንዴት ነው ትለኛለች። ሞልቷል እላታለሁ። ባለፈው ግን ቀልዱን ተወት አድርጋ፣ «መቼ ነው የሚጎድለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እርሱን እኔም አላውቅም አልኳት።